ሁለት ቃል ብቻ የሚቀበል መዝገብ

የበቆሎ ዘር በሚታደልበት ሰሞን መቀመጥ አይሆንልኝም። ፍኖተ ሰላም ላለው የገበሬዎች ማኅበር የዘር መመዝገቢያውን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ከስልክ እያነበብሁ ነው የተማርሁት። በዚህም እኮራ ነበር።

የመሬት ይዞታ የሚሞላበት ቦታ ሁለት ቃል ብቻ እንዲቀበል አድርጌ ነበር፦ «የራስ» ወይም «የኪራይ»። የዘር ዕደላው ስም ዝርዝርም በሁለቱ ተለይቶ ይታተማል። መዝጋቢዋን ልጄን፣ «ከእነዚህ ውጭ አንድም ቃል አያልፍም» እላት ነበር።

በዕደላው ቀን ከጅጋ በኩል በእግራቸው የመጡ፣ ባል የሞተባቸው ሴት ስማቸው ከሁለቱም ወረቀት ታጣ።

«ተመዝግቤአለሁ እኮ ልጄ» አሉኝ።

ወደ ልጄ ዞርሁ። «ሰው እየዘለሉ ምዝገባ አለ? ልብሽ የት ነው?» ብዬ በወረፋተኛው ሁሉ ፊት ጮህሁባት።

«አልዘለልሁም አባየ። እርስዎ አያልፍም ያሉት አልፎ ነው» አለችና ስክሪኑን አዞረችልኝ። ስማቸው አለ፤ ይዞታቸው ግን «የእኩል» ይላል። ቀበሌው ከላከው የኤክሴል ሠንጠረዥ በኮድ በጅምላ የገባ ነው።

የተፈቀዱትን ቃላት ሞዴሉ ላይ፣ የመረጃው ቅርጽ በሚጻፍበት የኮዱ ክፍል፣ መዘርዘር ብቻውን የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ለካ ፕሮግራሙን የሠራሁበት ፍሬምወርክ የሚፈትሸው ሰው በፎርሙ ሲሞላ ነው፤ በኮድ ሲገባ ፈትሽ ካላሉት የመጣለትን ያስቀምጣል። አንድ ቀን እንኳ ሆን ብዬ የተሳሳተ ቃል አስገብቼ አልሞከርሁትም።

«በሬ የለኝም» አሉ ሴትዮዋ ደመናውን እያዩ። «መሬቴን ምርቱን ልንካፈል ለእኩል አራሽ ሰጥቻለሁ። ዛሬ ዘር ካልያዝሁ አራሹ ነገ የሌላ ሰው ማሳ ይገባል።»

መጋዘን ጠባቂው፣ «ስም ከሌለ ከረጢት አላወጣም» አለ።

እጄ «የእኩል»ን ሰርዞ «የራስ» ሊጽፍ ተንቀሳቀሰ። ልጄ፣ «የሌሎቹንስ?» አለች። ስትፈልግ «የእኩል» የተባለ ዘጠኝ ሰው ወጣ። ሦስቱ ጧት ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል።

አፈርሁ። እኩል አራሽ የሞላበት አገር ተወልጄ፣ እኩል አራሽን የማያውቅ ዝርዝር ጻፍሁ። ሦስተኛውን ቃል ጨመርሁ፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ሞዴሉ ራሱ ከማስቀመጡ በፊት እንዲመልስ አደረግሁ፤ «ገበሬ» የሚል ቃል አስገብቼ ሲመልሰው በዓይኔ አየሁ። ወረቀቱ እንደገና ታተመ።

ሴትዮዋ ከረጢታቸውን ሲቀበሉ ልጄን፣ «የሰደብሁሽ በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ይቅር በይኝ» አልኋት።

«ይቅር ይበለን አባየ። አሁን ለተመለሱት ይደውሉ» አለች።

ሁለቱ ስልክ አነሱ። የሦስተኛው አልሠራም። የእሱን ከረጢት ባጃጅ ላይ ጭኜ ዝናቡ ሳይጥል ወደ ቀበሌው ወጣሁ።