ሐበሻ የሚባል አገር የለም

ንጋት፣ ገዳሪፍ፣ ሱዳን

ሳይነጋ ከልጄ ከማርታ ጋር ወጣን። አማትቤ ወደ ሾዋክ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ተሳፈርሁ። ማርታ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ገዳሪፍ ነው፤ አባቷ ጎንደሬ ነበር፣ ነፍሱን ይማር።

የሕዝብ ቆጠራ ሠራተኞች ሲመጡ እኛ ቤተ ክርስቲያን ነበርን። አከራያችን ሐጃ በቅንነት መለሰችልን። ዜግነታቸውስ ቢሏት «ሐበሽ» አለች። ሠራተኛው «ቢዱን» ብሎ ጻፈን፤ አገር የሌላቸው ማለት ነው። ማረሚያው ቢሮ ሾዋክ ነው ተባልሁ። ልጄን አገር የለሽ ብለው ሲጽፏት ቤቴ አልቀመጥም።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ግራ ቀኙ ማሽላ ነው። ሰሊጡ ታጭዶ በነዶ በነዶ ቆሟል፤ ትራክተሮቹ አቧራ ያለብሱናል። ኬላው ላይ ወታደሩ «ያ ሐበሽያ፣ ውረጂ!» አለኝ፤ አንቺ ሐበሻ ማለቱ ነው። ወረድሁ። ሻይ ሻጯም «ሐበሽያ፣ ስኳር ላብዛ?» አለችኝ።

ሾፌሩ ዓም (አጎት) ሳሌሕ ፉል ጋበዘን። አይብ ሊበትንበት ሲል ማርታ እጁን ያዘች።

«ላ፣ ዓም! ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እማ ትጾማለች።»

«አላህ ይቀበላት፤ እንግዲያው ዘይት ነዋ!»

የሰሊጥ ዘይት አንቆረቆረበት። እግዜር ይስጠው።

ቀትር፣ ሾዋክ

ጸሐፊው ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት ነው። ቀና ሳይል «ሐበሻ የሚባል አገር የለም፤ ስለዚህ ቢዱን» አለኝ።

«መንገዱ ሁሉ ሐበሻ እያለ ይጠራናል» አልሁት። «ስትጠሩን ከየት እንደመጣን ታውቃላችሁ። ስትቆጥሩን ጠፋባችሁ?»

ፓስፖርቴን ዘረጋሁለት። የእኔን አረመ። ማርታን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

«የተወለደችው እዚህ ነው፤ የአባቷም ወረቀት የለም። እሷ ቢዱን ትቆይ።»

ደሜ ፈላ።

«በሆዴ ሳለች አገር ነበራት፤ ስትወለድ ነው የጠፋት? እሷን ካልጻፍህ የእኔንም ሰርዘው! ልጄን ሜዳ ላይ ጥዬ ብቻዬን አገር አልገባም።»

በጎኑ ያለችው ቶብ የተከናነበች ሠራተኛ ሳቋን አልቻለችም። «ኸላስ፣ በቃ ጻፍላት! ይህቺ ሴትዮ ቢሮውን ሳታፈርስብን።»

እያጉረመረመ ጻፈ። ማርታ አጎንብሳ ዐረብኛውን ፊደል በፊደል አነበበችው፤ «ኢስዩቢያ»። ኢትዮጵያዊት። እኔ መድኃኔዓለምን አመስግኜ ወጣሁ።

ማምሻ፣ ወደ ገዳሪፍ

አውቶቡሱ ሞቋል፤ መስኮቱ አይከፈትም። ማርታ ትከሻዬ ላይ ተደግፋለች።

«እማ፣ ጸሐፊውን ሹክረን ብለሽ ሳታመሰግኚው ወጣሽ እኮ። አንቺ ውኃ ላቀበለሽ ሁሉ የምትመርቂው!»

«ውኃ የሚያቀብል ከራሱ ይሰጣል፣ ልጄ» አልኋት። «እሱ ምን ሰጠን?»