ወይዘሮ ከድጃና በብስኩቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ወይዘሮ ከድጃ ይመር ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ኦክላንድ በሚገኘው ቤታቸው፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው እያሉ፣ ወደ አኼራ መሄዳቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ በሐዘን እነግራችኋለሁ። ቀብራቸው በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተፈጽሟል። ከሳን ሆዜም ከፕሌዘንተንም ሥራቸውን ትተው የመጡ ብዙ ነበሩ። እኔ መጀመሪያ ሥራ ላይ በእጃቸው የሠለጠንኩ ተማሪያቸው፣ በኋላም የሥራ ባልደረባቸው ነበርኩ።

ደሴ ላይ ኬሚስትሪ አስተምረዋል። አሜሪካ ከገቡ በኋላ ኤመሪቪል የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ለዓመታት ሠሩ። እሱ ሲዘጋ ኦክላንድ ውስጥ ለሕክምና የሚሸጥ ካናቢስ የሚመረምር አነስተኛ ላብ ገቡ። ሕጉ ገና ምርመራን ግዴታ ያላደረገበት ጊዜ ነበር። በእኛ ሰው ዘንድ ብዙ ተወራ። «ሂጃብ ለብሳ ሐሺሽ ቤት ትሠራለች» ያሉም አልጠፉም። እሳቸው አልተቆጡም። «አልሸጥም፣ አላጨስም። የታመመ ሰው ምን እንደሚወስድ እንዲያውቅ እለካለሁ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከኮሌጅ ወጥቼ እሳቸው ዘንድ ስመደብ መጀመሪያ ያስተማሩኝ የመደመርን ነገር ነው። ጥሬው አበባ ውስጥ ያለው በአብዛኛው የሚያሰክረው ቲኤችሲ ሳይሆን የማያሰክረው የአሲድ መልኩ ነው። ሙቀት ሲያገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ወደ ቲኤችሲ ይለወጣል። ገበያው ትልቅ ቁጥር ስለሚወድ ሁለቱን እንዲሁ ደምረው እሽጉ ላይ በሚለጠፈው ሌብል የሚያወጡ ነበሩ። እኔም ደምሬ አሳየኋቸው።

«የሄደው ጋዝ ክብደት የለውም እንዴ?» አሉኝ። «የሌለውን ነገር ለሰው አትሽጥለት። እንደገና አስላው።»

አንድ ቀን ወይዘሮ ከድጃ ጋሽ ተኪኤ የተባሉ ኤርትራዊ አዛውንት ሆስፒታል ገብተው መውጣታቸውን ሰሙ። ካንሰር ነበረባቸው፤ ለሕመሙ ማስታገሻ ካናቢስ ያለበት ብስኩት ይወስዱ ነበር፤ ሆስፒታል ያስገባቸውም እሱ ነው። ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ ወዳለው አፓርትመንታቸው አብረን ሄድን። አዛውንቱ ቀና ብለው ማየት አፈሩ።

«ያበድኩ መስሎኝ ነበር፣ ከድጃ። ለሰው አትንገሪብኝ።»

«ምን ያሳፍራል ጋሼ? የወሰዱት መድኃኒት ነው። ስንት በሉ?»

«አንዷን ብቻ። ሌብሉ ላይ የተጻፈውን አምኜ።»

ልጃቸው ከጎናቸው ሆና በእንግሊዝኛ «አይ ቼክድ ኢት ቱ» አለች፤ እኔም አይቼው ነበር ማለቷ ነው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ብስኩቱን የመረመረው የእኛው ላብ ነው። ወይዘሮ ከድጃ የተረፈውን ይዘው ተመለሱና እያንዳንዷን ለየብቻ ፈጭተው ለኩ። ዘይቱ ከሊጡ ጋር በደንብ አልተዋሐደም ነበር፤ አንዳንዷ ምንም የሌለባት ስትሆን፣ አንዳንዷ ግን የተጻፈውን ሦስት እጥፍ ይዛለች። ለላቡ ባለቤት አሳዩት። ሰውየው አየና፣ በአማካይ ሲታይ ሌብሉ ልክ ስለሆነ የምርመራው ሪዛልት ላይ ፊርማቸውን አስቀምጠው ሳይን እንዲያደርጉ ጠየቃቸው።

«ሰው አማካዩን አይበላም» አሉት። «የሚበላው እጁ ላይ ያለችውን ነው። ሳይን አላደርግም።»

ብዙም ሳይቆይ ሥራ ቀንሷል ተብለው ተሰናበቱ። ጋውናቸውን አጣጥፈው ወጡ። ያን ዕለት ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ብስኩቱን ወደሚጋግረው ሰው ወጥ ቤት ሄዱ። ሰውየው ለክስ የመጡ መስሎት ደነገጠ። እሳቸው የሆነውን ነገሩት፤ ከዚያ ሽርጥ ተውሰው ዘይቱ እንዴት እንደሚሞቅና ሊጡ ውስጥ እንዴት እኩል እንደሚሰራጭ አሳዩት። ጋጋሪውም ሱቅ የገባውን ብስኩት በሙሉ ሰበሰበ። ለእሱ ከላቡ የተነገረው አማካዩ ብቻ ነበር።

በኋላ ሳን ሆዜ ሌላ ላብ ቀጠራቸው፤ እኔንም ጠርተው ወሰዱኝ። እዚያ ከየመጋገሪያው ትሪ ጥግና መሐል ብስኩት እየወሰድን ለየብቻ መለካት የዘወትር ሥራችን ሆነ። ጋሽ ተኪኤንም እስከ መጨረሻቸው አልተለዩአቸውም። «ከሩብ ይጀምሩ፤ የተበላ ነገር በጉበት ስለሚያልፍ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። አልተሰማኝም ብለው እንዳይደግሙ» እያሉ ደጋግመው ይደውሉላቸው ነበር። አዛውንቱ ሕመማቸው ቀለል ብሎላቸው፣ ልጃቸውን ሲድሩ ቆመው መረቁ።

ያ ብስኩት ጋጋሪ ባለፈው ዓርብ ቀብሩ ላይ መጥቶ ነበር። እጅ ለዱዓ ሲነሳ ግራ እየተጋባ፣ ከኋላ ቆሞ የሰዎቹን አይቶ የራሱን አነሳ።

እትዬ ከድጃ፣ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ልጠይቅዎ የመጣሁ ጊዜ ስለ ሥራዬ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ እንጂ ስለ ሕመምዎ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ነርሷ ስትገባ ወጣሁ፤ ልነግርዎ የመጣሁት አፌ ላይ ቀረ። አሁን በሚያውቁዎት ሁሉ ፊት ልበልዎ። በእርስዎ እጅ በመሠልጠኔ እድለኛ ነኝ። ለልጆችዎ አያስቡ፤ ብቻቸውን አይደሉም። አፈሩ ይቅለልዎ፣ ጌታዎም በእዝነቱ ይቀበልዎ። ደህና ይሁኑ፣ መምህሬ።