የሻባናን ከተማ የወሰድኩበት ጊዜ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጀርመን አገር ኦይሮፓፊርቴል በሚባለው ሰፈር ካለው የመስታወት ሕንፃ ምድር ቤት አራት ጨርቅ ተሰጠኝ። ቀዩ ለሽንት ቤት፣ ቢጫው ለመታጠቢያው፣ ሰማያዊው ለጠረጴዛ፣ አረንጓዴው ለወጥ ቤት። የሰጠችኝ ሻባና የምትባል ሕንዳዊት ናት፤ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ የገባች፣ በዕድሜ ግን የምበልጣት።

«አፓ፣ ቀዩን ጠረጴዛ ላይ ካየሁብሽ ሁለታችንም አለቀልን» አለችኝ። አፓ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ነው። የምናወራው በጀርመንኛ ነበር። የእሷም የእኔም ስብርብር ያለ ስለሆነ ማንም በማንም አይስቅም።

ጨርቅ ማጠፍም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ ስምንት ገጽ ይወጣዋል። አንዱ ሲቆሽሽ ወደሚቀጥለው መገልበጥ ነው እንጂ ወደ ባልዲው መመላለስ የለም። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት ቤት ውስጥ ከወንድሜ ነው። ጽዳትን የቆጠርኩት ደግሞ ከሻባና።

በእኛ ሥራ እያንዳንዷ የራሷ ሬቪር አላት፤ የምትጠየቅበት ክልል ማለት ነው። ሻባና አራተኛ ፎቅ፣ እኔ አምስተኛ። ከበላያችን ፎርአርባይተሪኗ፣ የሥራ ተቆጣጣሪያችን ማለት ነው፣ ሐዳስ አለች፣ የአስመራ ልጅ። ጠዋት ቁልፍ አስፈርማ ትሰጣለች፣ ማታ አስፈርማ ትቀበላለች። «አደይ የሺ፣ ጨርቅ ቢጠፋብዎት እተካልዎታለሁ። ሰው እርስዎን ማመን ቢተው ግን ቁልፉን ከእጅዎ እወስዳለሁ» አለችኝ የመጀመሪያውን ቀን። ክፉ ሆና አይደለም፤ አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ሥራው እንደዚያ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ሃያ ደቂቃ ዕረፍት አለን። ምድር ቤት በጋሪዎቹ መሐል ወንበር ስበን እንቀመጣለን። ሻባና ስለ ከተማዋ የምታወራው ያን ጊዜ ነው።

ከተማዋ ሙሩድ ትባላለች፤ ሕንድ ውስጥ፣ በምዕራቡ ባሕር ጠረፍ ላይ። ከፊት ለፊቷ ባሕሩ ውስጥ ምሽግ አለ፤ ግንቡ ከውሃው የበቀለ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ዓሣ አጥማጆቹ የባሕር ሽፍታ ሲያስቸግራቸው በእንጨት አጠሩት። በኋላ ከአንድ ሱልጣን ዘንድ የተላከ አንድ የጦር አለቃ ነጋዴ መስሎ መጣ፣ ዓሣ አጥማጆቹን አጠጥቶ አሰከረ፣ ምሽጉን ወሰደ። ከዚያ በድንጋይ ተሠራ። መራታ የሚባሉት የሕንድ ተዋጊዎች ሞከሩ፣ እንግሊዝ ሞከረ፣ ፖርቱጋል ሞከረ፤ በጦር የያዘው የለም። በሩ ሥሩ እስኪደረስ አይታይም። ዙሪያው ጨው ውሃ ሆኖ ውስጡ የሚጠጣ ውሃ አለ።

የምሽጉ ስም ጃንጂራ ነው። ጀዚራ ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው አለች፣ ደሴት ማለት። ካርቱም ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁና ጀዚራን አውቃታለሁ። የሙሩድን ስም አመጣጥ ግን አንዱ ሽማግሌ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ፤ «እኔ ካላወቅሁ አላወቅሁም ነው የምለው» አለች።

አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ምሽጉን ይዘው የገዙት እኮ የአንቺ ሰዎች ናቸው። ሐበሾች። ባሪያ ሆነው ተሽጠው የመጡ አሉ፣ መርከበኛና ወታደር ሆነው የመጡም አሉ። ነዋብ ሆነው ገዙን! አገሩን በሙሉ ሀብሳን ይሉት ነበር፣ የሐበሾች አገር።»

አብረውን ያረፉት የጽዳት ሠራተኞች ሁሉ ወደ እኔ ዞረው አጨበጨቡ። እኔ ግን ቀናሁ።

ምክንያቱን ልናገር። አባቴ የመንገድ ሥራ የቀን ሠራተኛ ነበር። አስፋልቱ ሲገፋ ድንኳናችንም ይገፋል። የተወለድኩበት ካምፕ ስም አልነበረውም፤ የሚጠራው በኪሎ ሜትር ቁጥር ነበር፣ ቁጥሩንም እናቴ ረሳችው። እዚህ አገር ስመዘገብ የትውልድ ቦታ የሚለው ላይ አስተርጓሚው ኮምቦልቻ ብሎ ሞላልኝ። ኮምቦልቻን ያየኋት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ከዚያ አሰብ፣ ከዚያ ካርቱም፣ ከዚያ እዚህ ጋሉስ የሚባል ሰፈር። እሷ የመንደሯን ድንጋይ ሁሉ ስም ትጠራለች። ይባስ ብሎ የእኔን ሰዎችም ከእኔ በላይ ታውቃቸዋለች።

ቤት ገብቼ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። ስልኳ ላይ ፈልጋ አሳየችኝ። እውነቷን ነው፤ ጥቁር ግንብ ባሕር ውስጥ ቆሟል። ሐሰት ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ!

ጽዳቱ በቀን ስለሆነ ከቢሮ ሰዎች ጋር እንተያያለን። አምስተኛ ፎቅ የማዕዘኑ ክፍል ፍራው ብሬመር አለች፤ ፍራው በጀርመንኛ ወይዘሮ ነው፤ ጡረታዋ የተቃረበ የክፍል ኃላፊ ናት። አንድ ጠዋት ጠረጴዛዋን ስወለውል፣ «ፍራው የሺ፣ እርስዎ ከየት ነዎት?» አለችኝ።

«ከኢትዮጵያ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ከየትኛው ከተማ?»

ኮምቦልቻ ልል አፌን ከፈትኩ። «ሙሩድ» አልኩ። «ሕንድ ውስጥ ነው። ሐበሾች የገዙት አገር። እኔ የእነሱ ዘር ነኝ፤ ኢትዮጵያ የተመለስነው በኋላ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳት። ግንቡን፣ የማይታየውን በር፣ የሚጠጣውን ውሃ፣ ጀዚራን። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰው እስክሪብቶ አስቀምጦ ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ግማሹ ለእኔም ይገባል ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ሰዎቹ የእኔ አይደሉም እንዴ?

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ «የባሕሯ ልጅ መጣች!» ትለኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ከወራት በኋላ ደረጃው ላይ ጠራችኝ። ለበጋ ፈቃድ ሕንድ ልትሄድ ነው። «እርስዎ ከተማ ጎራ እላለሁ። የዘመድ አድራሻ ይስጡኝ።» ሻባና እዚያው አጠገባችን ጋሪዋን ይዛ ሊፍት እየጠበቀች ነበር። ፍራው ብሬመር ዞር ብላ፣ «እርስዎም ሕንዳዊት ነዎት አይደል? የፍራው የሺን ከተማ ያውቁታል? ሙሩድን?» አለቻት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ሻባና አየችኝ።

«አውቀዋለሁ» አለች። «ጎረቤት ነን። የእሷ ሰዎች አገር ለቀዋል። የወንድሜን አድራሻ እሰጥዎታለሁ፣ እሱ ያስጎበኝዎታል።»

ሊፍቱ መጣ፣ ገባች።

ምድር ቤት ተከትያት ወርጄ፣ «ለምን አላጋለጥሽኝም?» አልኳት።

«ዛሬ ውሸታም ካሉሽ፣ ነገ የሆነ ሰው ሰዓት ሲጠፋ አንቺ ነሽ። ሐዳስ ቁልፉን ከእጅሽ ትወስዳለች። ይኼንን አታውቂም?» አፓ አላለችኝም።

ሦስት ሳምንት በዕረፍት ሰዓት ስለ ሙሩድ አንዲት ቃል አልወጣትም። ሌሎቹ «ሻባና፣ ምሽግሽ ፈረሰ እንዴ?» ቢሏት «ደከመኝ» ትላለች። ከተማዋን ቀምቼ አፏን ዘጋሁት። የቀማሁትም አልጣፈጠኝ፤ ወሬው ከእሷ አፍ ነበር የሚያምረው። በመጨረሻ ፍራው ብሬመር ጽፋለት ኖሮ ወንድሟ ደወለላት። «የሺ የምትባል ጎረቤታችን ማን ናት? ሴትየዋ ብትጠይቀኝ ምን ልበላት?» ማለቱን ስልኩን ዘግታ በጀርመንኛ ነገረችኝ። እኔ አጠገቧ ሆኜ ጋሪ እሞላለሁ። የእኔ ውሸት ባሕር ተሻግሮ የሰው ቤት ገብቷል።

በማግስቱ ጨርቄን ጋሪው ላይ አስቀምጬ ባዶ እጄን ፍራው ብሬመር ዘንድ ገባሁ።

«ከሙሩድ አይደለሁም» አልኳት። «አይቼውም አላውቅም። የነገርኩዎት በሙሉ የሻባና ነው። ቀንቼ ነው።»

«ታዲያ ሻባና ለምን አልነገረችኝም?»

«ከየትኛው ከተማ ነዎት ብለው አልጠየቋትም።»

ፊቷ ቀላ። ቁልፌን እያሰብኩ ቆምኩ። «ለፎርአርባይተሪኗ ራስዎ ይንገሩ፤ እኔ አልናገርም» ብላ ተነሥታ ሻባና ወዳለችበት አራተኛ ፎቅ ወረደች።

ለሐዳስ ነገርኳት። ቁልፉን ለሁለት ሳምንት ወሰደችብኝ፤ ምድር ቤት ጨርቅ ሳጥብ ከረምኩ። ሲመለስልኝ ደግሞ የማዕዘኑ ክፍል ለሻባና ተሰጥቷል፤ የጠየቀችው ፍራው ብሬመር ናት። በመስታወቱ አያቸዋለሁ፤ ሻባና በእጇ ግንብ ስትሠራ፣ ሴትየዋ ወረቀት ላይ ስትሥል። ያን ጊዜም ቀናሁ። አሁንም ስጽፈው እቀናለሁ።

ሻባና ታነጋግረኛለች፣ በዕረፍት ሰዓትም ታወራለች። አንዴ ደፍሬ ይቅርታ ብያት ነበር። «ከተማዬን ስለወሰድሽ አይደለም» አለችኝ። «እሱን ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ጋሪ እየሞላሽ ዝም ማለትሽ ነው።»

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይኼን ነው፦ ያጠፋችሁትን በዚያው ቀን ተናገሩ። ስታድሩበት ሌላ ጥፋት ይሆናል።