የእኔ ድርሻ

በደርግ ጊዜ ዳንግላ ውስጥ እኔና የመንደሬ ልጅ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን ዘጠነኛ ክፍል እንማር ነበር። ከቤት የምናመጣውን ድንችና የገብስ ቂጣ፣ ሳሙናውን፣ የኩራዙን ጋዝ ሁሉን እኩል እንካፈላለን። አካፋይዋ እሷ ነበረች። ለራሷ ስታዳላ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ብሆን አዳላ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

አከራያችን በግቢዋ አገውኛ ስንነጋገር አትወድም፣ የምናማት ይመስላታል። ትምህርት ቤት ደግሞ አማርኛችን ሲሰበር የከተማ ልጆች ይስቁብናል። ስለዚህ አንድ መላ ዘየድን፤ ያልገባንን ሁሉ «ገብቶናል» ማለት። አስተማሪው ሲጠይቀን ገብቶናል። የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ አውርቶ አውርቶ ሲጠይቀን ገብቶናል። ማን ይሙት፣ ግማሹ እንኳ አልገባንም ነበር።

በዚያው ዓመት ጓደኛዬ ማሳል ጀመረች። ከሳች፣ ማታ ማታ ላብ ያጠምቃታል። አከራያችን በክፉ ዓይን ልታየን ስትጀምር ጤና ጣቢያ ሄድን። በሐኪም ምትክ የሚያክመው ድሬሰር መርምሯት የሳንባ ነቀርሳ ነው አለ። መጀመሪያ በየቀኑ እየመጣች መርፌ እንደምትወጋ፣ ኪኒኑን ደግሞ ብዙ ወር ሳታቋርጥ እንደምትውጥ በጥድፊያ ነገረን፤ ከደጅ ያለው ወረፋ ብዙ ነበር። ከዚያ «ገባችሁ?» አለን።

«ገብቶናል» አልን ሁለታችንም።

እኔ ግን ልጠይቀው የፈለግሁት ነገር ነበረኝ። አንድ መደብ ላይ ነው የምንተኛው፣ እኔንስ ይይዘኛል ወይ? አማርኛው ቢሰበርብኝስ ብዬ ተውሁት።

ቤት እንደገባን የመጀመሪያውን ኪኒን በምላጭ ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና በአገውኛ፣ በሹክሹክታ፣ «አንቺም ከታመምሽ እኔን ማን ያስታምመኛል?» አለችኝ።

እንቢ ማለት ነበረብኝ። አላልሁም። ሞት ፈራሁ፤ ተቀብዬ ዋጥሁት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። መርፌውን መካፈል የሚቻል ቢሆን ኖሮ እሱንም ሳንካፈለው የምንቀር አይመስለኝም።

መርፌውን ስትወጋ ተሻላት፣ ፊቷም ወዛ። መርፌው አልቆ ኪኒኑ ብቻ ሲቀር ሳሉ ተመለሰ፣ ያውም ደም ቀላቅሎ። ድሬሰሩ ግራ ገባው። ኪኒኑን ትውጫለሽ ወይ ብሎ ቢጠይቃት አዎ አለች። ወደ እኔ ዞረ።

«አብራችሁ ናችሁ። ስትውጥ ታያለሽ?»

«አያለሁ» አልሁት።

አልዋሸሁም፤ ግማሹን ስትውጥ በየቀኑ አያት ነበር። ግማሽ መድኃኒት እንደማያድን በዚያን ጊዜ አላወቅሁም፣ ግን አንድ ነገር እንዳጠፋን ልቤ ነግሮኛል። ብናገር ኖሮ ይቆጣ ነበር፣ እናንተ የገጠር ልጆች እያለ ይሰድበን ነበር፣ ከዚያም ያስተካክለን ነበር። እኔ ግን ስድቡን ፈርቼ ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ በዚህ ነገር ራሴን ይቅር አላልሁም።

ሕመሙ ሲጸናባት አባቷ በበቅሎ ወደ መንደር ወሰዷት፣ ከነኪኒኗ። እኔ ለፈተና ዳንግላ ቀረሁ። ሰኔ ላይ ፈተናዬን ጨርሼ መንደር ስደርስ ተቀብራለች።

ለቅሶ ልደርስ ገባሁ። እናቷ አቅፈውኝ አለቀሱ፣ እኔም እንባዬ እስኪደርቅ አለቀስሁ። ትንሽ ጋብ ሲል ከጓዳ የተቋጠረ ጨርቅ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩልኝ።

«ያንቺ ነው ብላ ነው በየቀኑ ስታስቀምጥ የከረመችው። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ልጄ። ምንድን ነው?»

ፈታሁት። በምላጭ የተከፈሉ ግማሽ ግማሽ ኪኒኖች ነበሩ። እኔ አጠገቧ በሌለሁበት፣ መነሣት ባቃታት ጊዜ እንኳ ድርሻዬን ስታስቀምጥልኝ ነው የከረመችው።

እናቷ ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«የራስ ምታት ኪኒን ነው» አልኋቸው።

እሳቸውም ይህን ሁሉ ስታለቅሽማ ራስሽን አሞሻል፣ አንዱን ዋጪው ብለው ውኃ በጣሳ አመጡልኝ። ፊቴ ቆመው ሲጠብቁኝ ተቀብዬ ዋጥሁት።