ከመሃል የተጀመረው ብርድ ልብስ

ትናንት ከሰዓት በኋላ የእትዬ ዘነቡ ስልክ ጮኸ። እትዬ እንጅባራ ገበያው አጠገብ ክርና ዳንቴል የሚሸጡ አለቃዬ ናቸው። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። ደንበኛችን ወይዘሮ ብርቱካን ከግምጃ ቤት ከተማ ነበሩ። «ቄሱ የልጅ ልጄን ውሃ ውስጥ ነክረው ሲያወጡት የጮኸው ጩኸት! በብርድ ልብሱ ጠቅለል ስናደርገው ግን ጭጭ!» አሉ። ክሩን ጥዬ ዘለልኩ። ያ ብርድ ልብስ የእኔ ሥራ ነው! የመጀመሪያዬ!

ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ ደብተሬን እንደያዝኩ ሱቁ ገባሁ። የዳንቴል መሥሪያ ኪሮሽ ይሰጡኛል ብዬ እጄን ስዘረጋ የተወሳሰበ የሱፍ ክር አሸከሙኝ።

«መጀመሪያ ፍቺ። ክር የማያውቅ እጅ ኪሮሽ አይይዝም።»

ክረምቱን ስፈታና ስጠቀልል ከረምኩ። ከዚያ ሰንሰለት ተማርኩ፣ ከዚያ የብርጭቆ ማስቀመጫ፣ ከዚያ የሶፋ ልብስ ጠርዝ። በእኛ ሱቅ ማዕረግ የሚወጣው እንዲህ ነው፤ ብርድ ልብስ የመጨረሻው ነው።

ዘንድሮ ወይዘሮ ብርቱካን ነፍሰ ጡር ከሆነች ልጃቸው ጋር በስልክ በአውኚ እያወሩ ገቡ። ስልኩን ሲዘጉ ወደ አማርኛ ዞሩ። «ለልጅ ልጄ ክርስትና ብርድ ልብስ ሥሩልኝ። ሮዝ ይሁን፤ ሴት ናት።»

«ሐኪም ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ምን ሐኪም ያስፈልጋል? ሆዷን አይቼው የለ!»

እትዬ ወደ እኔ ተመለከቱ። «አንቺ ሥሪው። ካልደረሰ ግን ከገበያ ይገዛሉ፤ አንቺም ክር ወደ መፍታትሽ ትመለሻለሽ።»

ከዳር እስከ ዳር እየተመላለስኩ በመስመር ልሠራው ስል ከለከሉኝ። «ከመሃል ጀምሪ። ትንሽ ካሬ ሥሪና ዙሪያዋን እየዞርሽ አስፊ።»

«እሱ የጀማሪ አይደለም እንዴ?»

«አንቺስ ማን ነሽና?»

አኩርፌ ከመሃል ጀመርኩ። አልቸኮልኩም። ልጅቷ ገና አልተወለደችም፤ ብትወለድም የሴት ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው። የእንጅባራ ብርድ ጣቴን ሲያደነዝዘው ኪሮሹን አስቀምጣለሁ። አጥብቄ የሠራሁት ዙር እንደ ገበቴ ሲጎብጥብኝ እተረትረዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ስልክ መጣ። «እልል በሉ፣ ወለደች!» አሉ ወይዘሮ ብርቱካን። እልል አልን። «ወንድ!»

እልልታዬን አቋረጥኩ። የወንድ ክርስትና በአርባ ቀን ነው! ጊዜዬ በግማሽ ተቆረጠ።

«ሆዷ ሴት ነው ብለው አልነበር?» አሉ እትዬ እየሳቁ።

«ሆዷ ዋሸኛ! እኔ ምን ላድርግ? ደግሞ ሮዝ ከሆነ የአባቱ ዘመዶች ይስቁብኛል።»

እንባዬ መጣ። ካሬዋ ገና የትራስ ልብስ ነው የምታክለው። እትዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጓት።

«አሁን ብታቆሚ ምን ትሆናለች?»

«ትንሽ ብርድ ልብስ።»

«በመስመር ጀምረሽው ቢሆንስ?»

ገባኝ። የብርድ ልብስ ቁራጭ ነዋ፣ ሌላ ምን ሊሆን!

ሮዙን እዚያው አቆምኩት። ነጭ አዞርኩበት፣ ከዚያ ውሃ ሰማያዊ፣ እንደገና ነጭ። ባጃጅ ውስጥ ሠራሁ፣ በእረፍት ሰዓት ሠራሁ። ጓደኞቼ «የወለድሽው አንቺ ነሽ እንዴ?» እያሉ ሳቁብኝ። ካሬው በሰፋ ቁጥር ሮዙ እያነሰ ሄዶ መሃል ላይ እንዳለች አበባ ሆነ። በክርስትናው ዋዜማ የመጨረሻውን ዙር ዘግቼ ወደ ግምጃ ቤት በሚሄድ ሚኒባስ ላክሁት። ካሰብኩት አንሷል። ግን የአርባ ቀን ልጅ ስንት ክንድ ይፈልጋል?

ትናንት ወይዘሮ ብርቱካን ወሬያቸውን ቀጠሉ። «የክርስትና አባቱ ከነብርድ ልብሱ ታቅፎ አልሰጥም ብሎን ዋለ! በሮዟም የሳቀ የለም። እንዲያውም አንዲት ነፍሰ ጡር ማን ሠራው እያለች ነው፤ እነሆ አጠገቤ ናት።»

እትዬ ስልኩን ሰጡኝ። «ትእዛዙን ራስሽ ተቀበይ።» ተቀበልኩ! ሴት ናት ወንድ ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

መቼ እንደሚፈለግ በእርግጥ የማይታወቅ ሥራ ከመሃል ይጀመራል፤ የትም ቢቆም ሙሉ ነው።

እትዬ መስኮቱ ሥር ሌላ ወንበር አስገብተዋል። «ማን ይቀመጥበት?» ብላቸው «የፈለግሽውን ጥሪ» አሉኝ። እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኑ! ኪሮሽ ባይኖራችሁም ኑ፤ የሚፈታ ክር ሞልቷል።