ኮረብታ የወጣው ቀለበት

ይኼን መጀመሪያ ያጫወተኝ ራፍኮ ነው፤ ሌናርት ኮረብታ አናት ላይ ያለችውን ሻይ ቤት የሚጠብቀው ራፍኮ። ራፍኮ ሲያወራ ግማሹን ይረሳል፣ እኔ ግን አልረሳም። ትምህርት ቤት አራት ዓመት እንኳ አልቆየሁም፤ ግን አንዴ የገባ ወሬ ከጆሮዬ አይወጣም። ስለዚህ ከሱ ከምትሰሙት ከኔ ብትሰሙት ይሻላል። ራሱ ራፍኮም ይኼን አይክድም።

ዞፍካ የቤት ዕቃ ፋብሪካው ምግብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ያበሰለች ሴት ናት። አራት መቶ ሠራተኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ አብልታ ትሸኝ ነበር። ጭልፋዋን ከፍ አድርጋ "ቀጥል! ቀጥል! እዚህ መቆም የለም!" ስትል ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ሳህኑን ታቅፎ ይፈጥናል። እኔ ራሴ፣ ያኔ ጉልበት ነበረኝ፣ ሦስት ሳህን ባቄላ ከነቋሊማው ከወንበሬ ሳልነሳ ስጨርስ አይታ "አንተን የቀጠረ ፋብሪካ ደሞዝህን ሳይሆን ባቄላህን ነው ማስላት ያለበት" ብላኛለች። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳህን የጨረሰ ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም። ይሁን፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ዞፍካ ጡረታ ወጣች፤ በዓመቱ ባሏ ፌሊክስ ሞተባት። ከዚያ በኋላ መስኮቷ ሥር ተቀመጠች፣ ሦስት ዓመት ሙሉ። ዳቦዋን የምታመጣላት የፌሊክስ እህት ሚልካ ናት። ሰውነቷ ከበደ፣ ቀኝ ጉልበቷ አበጠ፣ ሁለት ፎቅ ደረጃ መውጣት እንደ መከራ ሆነባት። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ገና ልጅ እግር ናት፣ ግን አታፍርም።

"እትዬ ዞፍካ፣ ቀዶ ጥገናው ይቆየን" አለቻት። "ጉልበቱን የሚሸከም ጡንቻ የለዎትም። በየቀኑ ካልተራመዱ የዛሬ ዓመት ኑሮዎ ከወንበር ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ነው።"

"የት ልራመድ ታዲያ?"

"ሌናርት ደጅዎ ላይ አይደል እንዴ?"

አዎ፣ ደጅዋ ላይ ነው። ከተማው በሙሉ ሌናርትን ይወጣል። ከሥራ በፊት የሚወጣ አለ፣ ከሥራ በኋላ የሚወጣ አለ፤ ቄሱም ይወጣሉ፣ ነፍሰ ጡርም ትወጣለች። አናቱ ላይ ትንሽ ቤተ ክርስቲያንና ሻይ ቤቷ አሉ፤ ሻይ ቤቷ ውስጥ መዝገብ አለ፣ የደረሰ ሰው ስሙን ይጽፍበታል። እኔ እንኳን በጉልምስናዬ የራፍኮን የብረት ምድጃ በጀርባዬ ተሸክሜ በሠላሳ ስምንት ደቂቃ ወጥቻለሁ፤ ምድጃው እስካሁን እዚያው አለ፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ታዲያ ሌናርት ላይ አንድ ሕግ አለ። ያገኘኸውን ሰው ሁሉ ሰላም ማለት አለብህ። ዝም ብሎ ያለፈ ሰው ሳምንት ሙሉ ይታማል። ደግሞ ከታችኛው ምንጭ በላይ አንቱታ የለም፤ ከተማ ውስጥ እርስዎ ያለህ ልጅ እዚያ አንተ ይልሃል፣ ቅር አይልህም።

ዞፍካን ያስጨነቃት ይኸው ነበር። ጉልበቷስ ይታመም። ግን ሰው ሰላም ሲላት ትንፋሽ አጥሯት መመለስ ቢያቅታትስ? "እዚህ መቆም የለም" ስትል የኖረች ሴት፣ መንገድ ዳር ቆማ ስታለከልክ ከፋብሪካው ሰዎች አንዱ ቢያያትስ? አንድ ቀን ዝም ብላ ተቀመጠች፤ ሁለተኛም ቀን ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጃንጥላ ይዛ ወጣች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ግን ከዘራ መያዝ አፈረች።

ሚልካ ከሰገነቷ አየቻት። "ዝናብ አለ እንዴ?"

"ይመጣል!"

ሁለት መቶ እርምጃ ሄደች። ፊቷ ቀይ ሥር መስሏል፣ ደረቷ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። ጃንጥላዋ ላይ ተደግፋ ቆመች። ወዲያው ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች። ዞር ብላ ብታይ ማን ይምጣ? ቬንዴል! ፋብሪካው ውስጥ መጋዝ ላይ ሲሠራ የነበረው፣ ሰልፍ ላይ ወሬ ሲያበዛ በጭልፋ ያባረረችው ቬንዴል።

ዞፍካ ጎንበስ ብላ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረች።

"ሰላም ዞፍካ! ምን ጠፋብሽ?"

እጇን አየችው፤ ባዶ ነው። "ቀለበቴ" አለች።

"የጋብቻሽ?"

"አዎ... የፌሊክስ።"

ቬንዴል ባርኔጣውን አወለቀ። ከፌሊክስ ጋር ሃያ ዓመት አብረው ዓሣ ያጠመዱ ናቸው። በጉልበቱ ተንበርክኮ ቅጠሉን አንድ በአንድ ይገልጥ ጀመር። ዞፍካ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ሩብ ሰዓት ሙሉ እንደ ልቧ ተነፈሰች።

ቀለበቱ እኮ ቤቷ ነው። ጣቷ ወፍሮ ሲጠብባት ከሁለት ዓመት በፊት በሳሙና አውልቃ የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ከታዋለች።

በማግስቱ ታችኛው ምንጭ ጋ ወረቀት ተለጥፏል፦ "የዞፍካ የጋብቻ ቀለበት ጠፍቷል፤ ዓይናችሁ መሬት ላይ ይሁን።" ሰው እንዲህ እየፈለገላት እሷ እንዴት ቤት ትቀመጥ? ወጣች። በሦስተኛውም ቀን ወጣች። ያቺ ሐኪም በምክር ያላነሳቻትን ሴት ውሸቷ እጇን ይዞ አስነሳት።

አንድ ችግር ግን መጣ። ዞፍካ እየጠነከረች ሄደች። መጀመሪያ የደከማት ከምንጩ በታች ነበር፤ በሳምንቱ የደከማት ከምንጩ በላይ ሆነ፤ ቀጥሎ አንደኛው አግዳሚ ወንበር አጠገብ፣ ከዚያ ሁለተኛው። በደከማት ቦታ ሁሉ ሰው ይመጣል፣ ሰው ሲመጣ ጎንበስ ትላለች።

"እዚህም ደርሰሽ ነበር እንዴ?" ይሏታል።

"ሳልደርስ አልቀርም።"

ቬንዴል ካርታ ሥሎ ነበር። ከአማቹ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ ተውሶ በየቀኑ ይዞ ይወጣል። አርባ የቢራ ቆርኪ፣ አንድ የፈረስ ጫማና አንድ የወርቅ ጥርስ አገኘ። ጥርሱ የማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም ይላሉ። እኔ አውቃለሁ፣ ግን ባለቤቱ ሚስት አለችው።

"ይኼ ቀለበት እግር አለው" አለ ቬንዴል ካርታውን እያየ። "ሰኞ ምንጩ ጋ ነበር፣ አርብ ከሁለተኛው ወንበር በላይ ሆነ።"

ሚልካ ደግሞ ዳቦ ይዛ መጥታ ዞፍካ ቤት ስታጣት ስታጣት ነገሩ ገባት መሰለኝ፤ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ጠብቃ "አንቺ ዞፍካ፣ ቀለበትሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ነው አሉ። ሊያገባ ነው?" አለቻት።

"ዳቦውን ከዛሬ ጀምሮ እኔው እገዛለሁ" አለች ዞፍካ። እውነትም መግዛት ጀመረች።

ጉልበቷ ያማል፣ አልዋሽም፣ በተለይ ሲወርዱ። አንዲት ነርስ መንገድ ላይ አግኝታት "ቀጥ ብለሽ አትውረጂ፤ ጎንሽን ሰጥተሽ፣ አጠር አጠር አድርገሽ እርገጪ" አለቻት። እንደዚያ ስታደርግ ቀለል አላት። ሦስት ሳምንት ሊሞላ ሲል ትልቁ መታጠፊያ ሥር ደረሰች። ከዚያ በላይ መቶ ሃያ የእንጨት ደረጃ አለ። እሱን አይታ ተመለሰች።

አርብ ዕለት ሚልካ እየሮጠች መጣች።

"ሰምተሻል? ቬንዴል አገኘሁት ብሏል።"

"ምኑን?"

"ቦታውን! ተንከባሎ የእንጨት ደረጃው ሥር ገብቷል ባይ ነው። ነገ በሦስት ሰዓት ሠላሳ ሰው በዲጂኖ ደረጃውን ሊነቅል ነው፤ መቶ ሃያውንም!"

ያን ደረጃ ከሁለት ዓመት በፊት ሰዉ በገዛ እጁ ነው የሠራው፤ አንድ በጋ ፈጅቶበታል። ዞፍካ ሹራቧን ደርባ ቬንዴል ቤት ሄደች። ሚስቱ ወጣች፦ "መሣሪያውን ይዞ ወጥቷል፣ ራፍኮ ጋ ነው የሚያድረው።" ቤቷ ተመልሳ ሻይ ቤቱ ደወለች። ራፍኮ አነሳው፤ ከኋላው ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። እዚያ ቤት ስልክ አንድ ሰው ብቻውን አይሰማም። ዘጋችው። ይኼ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም፤ ቬንዴል ባርኔጣውን አውልቆላታል።

ቅዳሜ ገና በአሥራ ሁለት ሰዓት ጃንጥላውን ትታ የፌሊክስን የበረዶ መንሸራተቻ ዘንጎች ከምድር ቤት አወጣችና ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ ተነሳች። ምንጩ ጋ ስትደርስ ደከማት። ቆመች። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ወጣቶች እየሮጡ መጡ።

"ሰላም! ቀለበቱን እየፈለግሽ ነው?"

ዞፍካ ወገቧን ልታጎነብስ ጀመረችና ተወችው። ቀና አለች። "አይ፣ እያረፍኩ ነው" አለች።

"ደግ አደረግሽ!" አለ ልጁ፣ ሮጦ አለፈ።

ዞፍካ ከኋላው አየችው። በቃ? ይኼው ነው? ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። ሳቋ መጣ፣ ለብቻዋ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ማን ይቻላት! ሰው ገና ሳይጠይቃት "እያረፍኩ ነው!" ትላለች። ቄሱ ሲያልፉ "እያረፍኩ ነው አባ!" አለች፤ "እኔም ልረፍ" ብለው አጠገቧ ቁጭ አሉ። አንድ ውሻ ብቻውን ሲመጣ ለሱም ነገረችው።

ደረጃው ሥር ደረሰች። ደህናው እግር ይቀድማል፣ የታመመው ይከተላል፣ ዘንጎቹ ይደግፋሉ። አሥር ወጥታ ታርፋለች፣ አሥር ወጥታ ታርፋለች። ሰማንያ ላይ ጉልበቷ እንደ እሳት ነደደ፣ ላብ ዓይኗ ገባ። መቀመጥ ፈለገች። ከላይ ግን የብረት ድምፅ ሰማች፤ ሰዎቹ አካፋና ዲጂኖ ይዘው እየወረዱ ነው። ቬንዴል ከፊት ሆኖ ዲጂኖውን የላይኛው ደረጃ ሥር አስገብቷል።

"ቬንዴል! ተው! አትንቀለው!"

"ዞፍካ? እንዴት እዚህ ደረስሽ?"

"ቀለበቱ ቤቴ ነው! የስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ነው!"

"አገኘሽው?" አለ ቬንዴል ደስ ብሎት።

"አልጠፋም። ሁለት ዓመት እዚያው ነው።"

"ታዲያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን ትፈልጊ ነበር?"

"ትንፋሼን" አለች ዞፍካ።

መጀመሪያ የሳቀው ራፍኮ ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ አካፋ የወደቀበት አለ፣ ደረጃው ላይ የተቀመጠ አለ። ቬንዴል ግን አልሳቀም።

"እኔ በፌሊክስ ስም ነው የተንበረከክሁት" አለ። ዲጂኖውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ላይ ተመለሰ።

ያን ጊዜ ወደ ቤቷ ልትወርድ ትችል ነበር። ይቅርታ በጀርባ አይጠየቅም ብላ ተከተለችው። የቀረው አሥር ደቂቃ መንገድ ነበር፤ እሷ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ሻይ ቤቷ ውስጥ ገብታ ፊቱ ቆመች።

"አፍሬ ነው ቬንዴል። አንተን በጭልፋ ያባረርኩ ሴት ቆሜ ሳለከልክ እንድታየኝ አልፈለግሁም። አጥፍቻለሁ።"

ቬንዴል ወደ ራፍኮ ዞረ። "ስንት ሰው ነው የፈለገላት?" አለ።

ራፍኮ በጣቱ ቆጠረ። "ከነሚልካ ሠላሳ ሰባት፤ እሷ ግን ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የፈለገችው።"

"እሷም ትቆጠር" አለ ቬንዴል። "ዞፍካ፣ ለያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ጊዜ ትወጫለሽ፤ እዚህ መዝገብ ላይ በስሙ ትጽፊያለሽ። የኔ የመጨረሻው ይሁን።"

"ኧረ በዛ!" አለ ራፍኮ። "በዚያ ጉልበት?"

"አልበዛም" አለች ዞፍካ። እስክሪብቶውን ተቀብላ ስሟን ጻፈች፤ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው። "ይኼ ግን አይቆጠርም፣ ይኼ የራሴ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ወጣች። አንዳንድ ሳምንት አራቴ፣ አንዳንድ ሳምንት ጉልበቷ አብጦባት አንዴ። ሐኪሟ እግሯን ጨብጣ "ይኼን ጡንቻ ከየት አመጡት?" አለቻት፤ "ቅጣት ላይ ነኝ" አለቻት። ለራፍኮ ወጣች፣ ለቄሱ ወጣች። ለኔም ወጥታለች፤ እኔ እንኳ አንድ ቀን ከላይ ሆኜ ነው የፈለግሁት፣ የኔ ዓይን ሩቅ ያያል።

ሠላሳ ስድስቱን ስትጨርስ የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። ጠዋት ዘንጎቿን ይዛ ስትመጣ ቬንዴል ምንጩ ጋ ቆሟል።

"በቃ ዞፍካ፣ የኔን ምሬሻለሁ። መንገዱ ያንሸራትታል፣ ተመለሽ።"

"ማን ምሕረት ለመነህ?" አለችው። "ወይ ቅደም ወይ መንገድ ልቀቅ።"

አልቀደመም። ብትወድቅ ሊይዛት ከኋላዋ ወጣ፤ ሦስት ጊዜ ቆመው አረፉ። መዝገቡ ላይ "ለቬንዴል፣ ተከፍሏል" ብላ ጻፈች። ቬንዴል እስክሪብቶውን ነጥቆ ከሥሩ ጻፈበት፦ "እኔ ግን ምሬያት ነበር።"