እማማ ሀዋ የልጃቸውን ኮሚሽን አልበላም ያሉ ጊዜ

ጁነዲን አፈ ጮሌ ነው። ኦቤትስ በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ አራት ዓመት ካርቶን ሲጭን ግን ያ አፍ ከሱፐርቫይዘሩ እረፍት ከመለመን በቀር አንድም ጥቅም አልሰጠውም። ኋላ ፈተናውን አልፎ የኢንሹራንስ ሽያጭ ፈቃድ አወጣና ዋይትሆል የሚባል ከተማ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ቢሮ፣ በዲቪ የመጣውን ሐበሻ ሁሉ የመኪና ኢንሹራንስ ያስገባ ጀመር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መኪና ሲገዛ «ጁነዲን ጋ ሂድ» ይባላል። በተለይ የሕይወት ኢንሹራንስ የሸጠ ሰሞን ኮሚሽኑ ጠርቀም ስለሚል እያፏጨ ነው ቤቱ የሚገባው።

እናቱ እማማ ሀዋ ከደሴ ሲመጡ ታዲያ ሊያስደስታቸው ፈለገ። ሌላው ልጅ ለእናቱ ሻርፕ ይገዛል፣ የጆሮ ወርቅ ይገዛል። ይሄ ጅል ግን በራሱ ስም የገባውን የሕይወት ኢንሹራንስ ውል በሚያምር ፖስታ አሽጎ አቀረበላቸው።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«እኔ ብሞት፣ እማ፣ ላንቺ መቶ ሺህ ዶላር ይሰጥሻል።»

እማማ ሀዋ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ሚስቱ ሳቢራ ሳቋን ለማፈን ወደ ጓዳ ገባች።

«ሞትህን ነው የገዛህልኝ?» አሉት። «ደግሞ ይኼንን ለሰው ትሸጣለህ?»

«ሥራዬ እኮ ነው እማ። በሸጥኩት ልክ ኮሚሽን ይከፍሉኛል።»

«ሐላል ነው ያለህ ማነው?»

ጁነዲን ማንንም ጠይቆ አያውቅም። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያልጠየቀው መልሱን ስለፈራ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ሀዋ፣ ነገሩን ከሚያውቅ ሰው ጠይቀህ እስክትመጣ የአንተን ገንዘብ አልቀምስም አሉ። ሳቢራ አረጋውያን ስትንከባከብ ውላ በምታመጣው ደሞዝ የተገዛውን ብቻ ይበላሉ። ጁነዲን አስቤዛ ይዞ በገባ ቁጥር «ይኼ የማን ነው?» ይሉታል። የሳቢራ ነው ብሎ ሊዋሽ ምላሱን ይበላዋል፤ ግን እናቱን ዋሽቶ አያውቅም። አንድ ቅዳሜ የበግ ሥጋ ገዝቶ ቢመጣ፣ የጥብሱ ሽታ ቤቱን ሞልቶት እሳቸው ሽሯቸውን በሉ። ያን ዕለት እሱም ጥብሱን ገፋ አደረገው። ስንት ዓመት የለፋው እናቱን ለማብላት ነበር፤ እናቱ ደግሞ ከሰሐኑ ይሸሻሉ።

በጁምዓው ከሶላት በኋላ የመስጊዱን ኡስታዝ ፈልጎ ጠየቃቸው። ኡስታዙ የመኪናቸውን ኢንሹራንስ የገዙት ከራሱ ከጁነዲን ስለሆነ፣ ያቀሉልኛል የሚል ተስፋ ነበረው።

«እኔ እኮ ያኔ ስትሸጥልኝ ትጠይቀኛለህ ብዬ ጠብቄህ ነበር» ብለው ሳቁበት። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ብዙዎቹ ዑለማዎች ለትርፍ የሚሸጥ ኢንሹራንስን አይፈቅዱም። መጨረሻው በማይታወቅ ነገር መገበያየት ነው፣ ወለድም አለበት ይላሉ። ሽያጩ ካልተፈቀደ ኮሚሽኑም ያው ነው። መኪናው ላይ ግን የአገሩ ሕግ አስገድዶናል። ሰው የተገደደበትን ብቻ፣ ሳትዋሸውና ትርፍ ሽፋን ሳትጭንበት ብታስጨርስለት የሚያቀሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የሕይወቱን ተወው። ደግሞም ጥርት ያለ ሥራ መፈለግህን አታቁም።»

ሰኞ ጠዋት ነገሩን ለቢሮው ባለቤት ለጋሼ ዮፍታሔ ነገራቸው። ጋሼ ዮፍታሔ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው።

«ላይፉን፣ የሕይወቱን ኢንሹራንስ ድሮፕ ካደረግክ እኮ ገቢህ በግማሽ ይወርዳል» አሉት።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

የሕይወቱን ፋይሎች ወደ ራሳቸው ሰብስበው «እንግዲህ ለእምነትህ ከሆነ ምን እላለሁ፤ ላይፉን እኔ እይዘዋለሁ» አሉ።

ጁነዲን በዚያው ዕለት የራሱንም ውል ሰረዘ። ማታ ይህን ሁሉ ለእናቱ አወራ። በማግስቱም እማማ ሀዋ የሳቢራን ምስር በሉ። ጁነዲንን ከፋው፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ አለ በሆዱ።

እማማ ሀዋ ለካ ሥራ ላይ ነበሩ። መስጊድ በሴቶቹ በኩል ተቀምጠው «ልጄ ግዴታውን ብቻ ነው የሚሸጥ፤ ትርፍ አይጭንባችሁም» እያሉ ያስተዋውቁለት ኖሯል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምስት ሴቶች ቢሮው መጡ። አምስተኛዋ ሙኒራ የምትባል ሾፌር ነበረች፤ «እናትህ ናቸው የላኩኝ» ብላ ፊት ለፊቱ እንደተቀመጠች ስልኩ ጠራ።

«ስንት ሰው መጣልህ?» አሉ እማማ ሀዋ።

«አምስት፤ ሁሉንም የላክሻቸው አንቺ ነሽ ለካ።»

«እና ኮሚሽኔ የታለ?»

ጁነዲን ሳቀ። «ስንት ልስጥሽ እማ?»

«ገንዘብ ምን ያደርግልኛል? ምሳ አልበላሁም። ና፣ ከዚህ ከአዲሱ ገንዘብህ አብላኝ።»

ሙኒራ እያየችው ዕንባው ዱብ ዱብ አለ። «መጣሁ እማ» አላቸው፤ «ጫማሽን አድርጊና ጠብቂኝ።»